ተራራ ስር ያለ ቤት ከሰደድ እሳት እንዴት ይተርፋል? ከየት እንጀምር?

የላ ክሬሴንታ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ያለነው ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ላ ክሬሴንታ ነው፤ ከፉትሂል ቡልቫርድ ወደ ተራራው በኩል። ቤቱ በ1950ዎቹ የተሠራ ባለ አንድ ወለል ነው። ግድግዳው ልስን፣ ክዳኑ ሽንግል (ተደራርቦ የሚመታ ቁርጥራጭ ክዳን) ነው፤ ከኋላ የእንጨት ዴክ (ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ በረንዳ) አለው፤ ከጎረቤት የሚለየን ደግሞ አሮጌ የጣውላ አጥር ነው። በጓሮው አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ። በ2025 የገና ዕለት ማታ ኢተን ካንየን ላይ እሳቱ ሲነሳ ትዕዛዝ ሳንጠብቅ ልጆቹን ጭነን ወጣን። ነፋሱ እሳቱን ወደ አልታዲና ወሰደው፤ እኛ ተረፍን። እዚያ ቤታቸው የነደደባቸውን ወዳጆቻችንን ሳስብ ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሁን ደግሞ ኢንሹራንሳችን ውሉን እንደማያድስ በደብዳቤ አሳወቀን። ባለቤቴ ጣሪያው ላይ ውሃ የሚረጭ ነገር ካልተከልኩ፣ ኦኩንም ካልቆረጥኩ ብሏል። አማቴ ደግሞ በኩሽናው መስኮት ስር ዳር እስከ ዳር የጥብስ ቅጠል ተክለዋል፤ ለሰፈሩ አበሻ በሙሉ የሚያድሉት ከዚያ ነው። እኔ ነርስ ረዳት ነኝ፣ እሱ ሹፌር ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማድረግ አንችልም። ብራችንን የት ላይ ብናውለው ነው ቤቱን በእውነት የሚያተርፈው? የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ።

ቫሊ ነኝ፦

እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ዛፉን በሙሉ ቁረጡት፣ መሬቱን ሲሚንቶ አድርጉት፣ ጣሪያው ላይ ስፕሪንክለር ግጠሙ። አንድ ዘመዴ ከመዋኛ ገንዳ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ገዝቷል። ውሃ ካለ ምን ይነዳል?

አናጢው (አልታዲና)፦

እህቴ፣ እንኳን ልጆችሽን ይዘሽ ወጣሽ። እኔ የምኖረው አልታዲና ነው፤ ሥራዬም ቤት ጥገና ነው። ክዳን፣ አሸንዳ፣ ዴክ፣ መስኮት እሠራለሁ። የኔ ቤት ተርፏል፤ ከፊት ለፊቴ የነበሩት ግን አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ የከረምኩት የተረፉትን ቤቶች ስጠግን ስለሆነ አብዛኛው የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሰደድ እሳት ሲባል ለሰው የሚታየው ከተራራው እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚወርድ ነበልባል ነው። ቤት የሚያቃጥለው ግን በአብዛኛው ትንታጉ ነው። ነፋሱ ከሚነደው ጫካ፣ ኋላም ከሚነደው ቤት፣ ቅርፊቱንና የጣውላውን ስባሪ ከነፍሙ ያነሳና ከእሳቱ ቀድሞ አንድ ማይልና ከዚያም በላይ ይበትነዋል። ትንታጉ የሚያርፈው የት ነው? አውድማ ላይ ነፋስ ገለባውን ጥግ ጥጉ ላይ እንደሚከምረው፣ ትንታግንም የሚከምረው እዚያው ነው። ቤትሽን አሁን ዙሪና ደረቅ ቅጠል የተጠራቀመበትን ቦታ ሁሉ ተመልከች፦ አሸንዳው ውስጥ፣ ዴኩ ስር፣ አጥሩ ከግድግዳው የሚገናኝበት ጥግ፣ በሩ ስር ያለው ምንጣፍ። ቅጠሉን እዚያ ያደረሰው ነፋስ ትንታጉንም እዚያ ያደርሰዋል።

አልታዲና የመጣ ሰው ሁሉ ያየው ነገር አለ። ቤቱ አመድ ሆኖ ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሟል፤ አጠገቡ ያለው ዛፍ ግን ከነቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ነበልባል ጠርጎት ቢሆን ኖሮ ዛፉ አይተርፍም ነበር። ቤቱ የተቃጠለው በትንሽ ነገር ተለኩሶ፣ ወይ ደግሞ ከጎረቤት ቤት በተላለፈ እሳት ነው።

ጃክ ኮኸን የሚባል የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ዕድሜውን የፈጀው ይህንን በማጥናት ነው። ከካናዳ ሰዎች ጋር ሆኖ በሰሜን ካናዳ ጫካ ውስጥ የጣውላ ግድግዳ አቁመው ጫካውን እስከ ጫፉ አነደዱት። ከዛፎቹ 10 ሜትር ላይ ከቆሙት ግድግዳዎች አንዳንዶቹ ተቀጣጠሉ፤ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ የራቁት እሳት አልያዙም። ስለዚህ የቤቱን ዕጣ የሚወስነው ቤቱ ራሱና በዙሪያው ያለው ወደ 100 ጫማ የሚሆን መሬት ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው 5 ጫማ ይበልጣል። ካሊፎርኒያ ይህንን 5 ጫማ በ2020 በወጣ ሕግ ለብቻው ለይታዋለች፤ ዞን ዜሮ ይሉታል።

ብርሽን ከግድግዳው ጀምረሽ ወደ ውጭ አውጪው የምልሽ ለዚህ ነው። ባለቤትሽ ያሰበው ከተራራው ጀምሮ ወደ ቤቱ ነው፤ እኔ ግን መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ።

ክዳንሽ ሽንግል ከሆነና ካላረጀ ደህና ነሽ፤ የአስፋልት ሽንግል ባብዛኛው እሳትን በመቋቋም ከፍተኛው ደረጃ ላይ ነው። አደገኛው የእንጨት ክዳን ነው። የተነሳ ወይም የተሰበረ ካለ አስጠግኚው። አሸንዳውን ግን አደራ። ያንቺ አሸንዳ ከኦኩ ስር ከሆነ በመከር አንዴ መጥረግ አይበቃም፤ ነፋሱ ይመጣል በተባለ ቁጥር መጠረግ አለበት። ክዳኑ እሳት ባይዝ እንኳ አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመው ቅጠል ሲነድ እሳቱ የሚደርሰው ክዳኑ ጠርዝ ላይ ወዳለው እንጨት ነው።

ቀጥሎ ቬንቶቹ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባንቺ ዘመን የተሠሩ ቤቶች ከጣሪያው ጠርዝ ስርና ከወለሉ ስር የአየር መተላለፊያ አላቸው፤ የተሸፈነውም ብዙ ጊዜ ሩብ ኢንች ቀዳዳ ባለው ወንፊት ነው። በሩብ ኢንች ትንታግ ያልፋል። አንድ ቤት አቲኩ ላይ፣ ማለት ከኮርኒሱ በላይ ከክዳኑ ስር ያለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ወጥቼ ነበር። ከውጭ ሲታይ ምንም ያልነካው፣ ቀለሙ እንኳ ያልጠቆረ ቤት ነው። ባትሪዬን ሳበራ ከቬንቱ ወደ ውስጥ፣ ሮዝ ቀለም ባለው የፋይበርግላስ ኢንሱሌሽን ላይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ተዘርቶ አየሁ። በጣቴ ነካሁት፤ ከሰል ነው። አንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ያክላል። እያንዳንዱ ስር ፋይበርግላሱ ቀልጦ ትንሽ ጎድጓዳ ሠርቷል። ከመጨረሻው ከሰል አንድ ክንድ አለፍ ብሎ የገና ጌጥ የታጨቀበት ካርቶን ተቀምጧል። ባለቤቷን ጠርቼ አሳየኋት፤ መሰላሉ ላይ እንደቆመች አለቀሰች።

ስለዚህ ቬንቶቹን አንድ ስምንተኛ ኢንች ወይም ከዚያ በጠበበ የብረት ወንፊት ሸፍኑ። የላስቲክ አይሁን፣ ይቀልጣል። ወንፊቱ ውድ አይደለም፤ ባለቤትሽ መሰላል ላይ መውጣት ከቻለ በራሱ ይሠራዋል። ብር ሲገኝ ደግሞ ትንታግንም ነበልባልንም እንዲከላከል ተሠርቶ በስቴቱ የእሳት መከላከል ቢሮ (ፋየር ማርሻል) የተመዘገበ ቬንት አለ፤ እሱ ይሻላል። ቬንቱን ግን ጨርሶ እንዳትደፍኑት፤ ቤቱ ካልተነፈሰ ጣውላው ይሻግታል። አቲኩ ውስጥ ያለውን ካርቶንም አውርዱ።

ከዚያ አጥሩ። የጣውላ አጥር ጎረቤት ጋ የተነሳን እሳት ተሸክሞ ግድግዳሽ ድረስ የሚያመጣ መንገድ ነው። ሙሉውን መቀየር ካልቻላችሁ ከቤቱ ጋር የሚገናኘውን የመጨረሻውን 5 ጫማ ብቻ ቁረጡና ብረት አድርጉት። የዴኩን ስር አጽዱ፤ የልጆች መጫወቻ፣ የተረፈ ጣውላ፣ ከሰል፣ ምንም አይቀመጥ። የቆሻሻ ገንዳዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ከሆነ አንሷቸው፤ የቀለጠ ገንዳ ልስኑን ሰንጥቆ መስኮት ሲሰብር አይቻለሁ።

ኦኩን አትንኩት። ይህንን ጠንከር አድርጌ የምናገረው ሰዎች ሲቸኩሉ ስላየሁ ነው። አንደኛ፣ ላ ክሬሴንታ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ስር ነው፤ ካውንቲው ኦክን በሕግ ይጠብቃል፤ ያለፈቃድ ብትቆርጡት ሌላ ጣጣ ነው። ሁለተኛ፣ ጤነኛና ውሃ ያልተጠማ ኦክ በቀላሉ አይነድም። የደረቀውን ቅርንጫፍ አስወግዱ፣ ክዳኑ ላይ የተንጠለጠለውን ከርክሙ፣ ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 10 ጫማ አርቁት። ባህር ዛፍ ቢሆን ኖሮ ሌላ እናወራ ነበር። እንጦጦ የባህር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ምጣድ ስር እንዴት እንደሚንቦገቦግ ያውቃል። በ1991 ኦክላንድ ተራራ ላይ 25 ሰው ሲሞትና ወደ 3,000 የሚጠጋ ቤት ሲወድም ባህር ዛፉም እሳቱን ካባባሱት አንዱ ነበር።

ወንድሜ ቫሊ፣ ስለ ውሃው ያልከው ያሳስበኛል። ፓሊሴድስ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር ሲነድ እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ጋሎን የሚይዙ ሦስት ታንከሮች ነበሩ፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ሦስቱም ደረቁ፣ ከፍታ ላይ ያሉ የእሳት አደጋ ቧንቧዎች ውሃ አጡ። ሁሉም ሰው ስፕሪንክለሩን ከፍቶ ቢሄድ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ውሃ ከየት ያመጣል? ለዚህ ነው ስትወጡ ውሃ ከፍታችሁ አትሂዱ የሚሉት። በዚያ ላይ መብራት ሲቋረጥ ፓምፑም ይቆማል፣ ነፋሱም የሚረጨውን ውሃ ጎረቤት ጋ ነው የሚወስደው። በዚያ ብር ቬንትና አጥር ሥሩበት።

የላ ክሬሴንታ እናት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ እርስዎ የጻፉትን ሁለቴ አነበበውና ባትሪ ይዞ አቲክ ወጣ። ወንፊቱ ሩብ ኢንች ነው፤ አንዱ ቦታ ጭራሽ ተቀዶ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። የአማቴን የጥብስ ቅጠልስ ምን ላድርግ? እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ደግሞ ጎረቤታችን እንደ አጥር በተርታ የተከሉት ጥድ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ስምንት ጫማ ቢርቅ ነው። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለቤቴ ደግሞ ቤቱ ብሎኬት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር ይላል።

ከሃይፋ፦

እህቴ፣ ስለ ብሎኬቱ እኔ ልመልስልሽ። እኛ ሃይፋ የምንኖረው ኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ነው። በኖቬምበር 2016 ከተማችን ስትነድ በአስር ሺዎች የምንቆጠር ሰዎች ከቤት ወጣን፤ ብዙ መቶ ቤት ተጎዳ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። ግንቡማ አልነደደም። እሳቱ የሚገባው በመስኮትና በሰገነት ነው። ሰገነት ላይ የላስቲክ ወንበር፣ የታጠበ ልብስ፣ ካርቶን አለ፤ ከሕንፃው ስር ደግሞ ጥድ ያለበት ሸለቆ ነው። መስኮቱ ከተሰበረ መጋረጃው ይበቃል፤ ውስጡ ተቃጥሎ ግንቡ ብቻ ይቀራል። እኔ ከዚያ በኋላ ሰገነቴ ላይ የሚነድ ነገር አላስቀምጥም። ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ዋናው ቀዳዳውና ዙሪያው ነው።

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦

እኔ ደግሞ የምጨምረው ተራራ ስር የማይኖሩ ሰዎችም እንዲሰሙ ነው። በዲሴምበር 30፣ 2021 የማርሻል እሳት ሉዊቪልና ሱፒሪየርን ሲበላ ጫካ አልነበረም። ደረቅ ሣር ነው። ጊዜውም ክረምት ነው፤ በማግስቱ በረዶ ጣለ። ነፋሱ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሲነፍስ 1,084 ቤት ባንድ ቀን ነደደ። ሣሩ አጥሩን ለኮሰ፣ አጥሩ ቤቱን፣ ቤቱ ቀጣዩን ቤት። ጋሼ ስለ አጥሩ ያሉት እውነት ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እኔ እዚያ የተረፉ ቤቶች ጽዳት ላይ ሠርቻለሁ። ቤቱ ቆሞ አመድና ጭስ ውስጡ ገብቶ ሰው ለወራት መመለስ ያልቻለበት ብዙ ነው። አመዱ በመስኮት ጠርዝ፣ በበር ስር ነው የሚገባው። በሮቹንና መስኮቶቹን የሚያሽገው ላስቲክ ካረጀ አስቀይሪው፤ ለትንታጉም ለጭሱም ይጠቅማል። የቤት ዕቃሽን ሁሉ፣ መሳቢያና ቁም ሣጥን ሳይቀር ከፍተሽ፣ በስልክሽ በቪዲዮ አንሺው። ኢንሹራንስ ዕቃ በዕቃ ዘርዝሩ ሲል ያዘነ ሰው ምን እንደነበረው አያስታውስም። እናቶች የሀበሻ ቀሚሳቸውን ዋጋ ማስረዳት አቅቷቸው ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ እሱንም ለብቻው ፎቶ አንሺው።

አናጢው (አልታዲና)፦

ከሃይፋና ከኦሮራ የጻፋችሁ፣ ተባረኩ።

እህቴ፣ ለአማትሽ እንዲህ በያቸው፦ የጥብስ ቅጠሉ አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል። ዘይት ያለው ተክል ነው፤ ውስጡ ደግሞ ደረቅ ጭራሮ ይይዛል፤ መስኮት ስር ሲነድ ሙቀቱ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ሥሩን ከነአፈሩ ነቅላችሁ ከቤቱ 30 ጫማ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ካልያዘ ከቅርንጫፉ ቆርጦ መትከል ነው፣ ቶሎ ይበቅላል። ቦታውን የሚመርጡት እሳቸው ይሁኑ። ለዕለት የሚሆን ከፈለጉ በሸክላ ማሰሮ በረንዳ ላይ አድርጉላቸው፤ ነፋሱ ሊመጣ ነው ሲባል አንስቶ ማራቅ ነው። በነበረበት ቦታ የእንጨት ፍቅፋቂ እንዳታለብሱበት፤ ጠጠር አፍስሱበት። አፈርና ፍቅፋቂ ከልስኑ ጋር ከተነካካ ዝቅ አድርጉት፤ የግድግዳው የታችኛው 6 ኢንች የማይነድ ነገር ብቻ ይሁን።

የጎረቤትሽ ጥድ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኛል። አረንጓዴ መስሎ ውስጡ በሙሉ ደረቅ ነው፣ ሲያያዝም ባንዴ ነው። ያንቺን 5 ጫማ ብታጸጂ እንኳ ስምንት ጫማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከነደደ መስኮትሽ ይፈተናል። መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት ከሆነ፣ ብር ሲገኝ ከሁሉ በፊት እሱን ወደ ባለ ሁለት ድርብ ጠንካራ መስታወት ቀይሩት፤ የሌሎቹ መስኮቶች ይቆዩ። ለሽማግሌው ግን በደብዳቤ ሳይሆን ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ብቻቸውን ከሆኑ ቅዳሜ ባለቤትሽና ሁለት ጎረምሶች መጋዝ ይዘው ይሂዱላቸው፤ አሸንዳቸውንም ይጥረጉላቸው። እኔ ባለሁበት መንገድ ተቃጥለው ያለቁት ቤቶች ብዙዎቹ የተለኮሱት እርስ በርስ ነው፤ የሳቸው ቤት ከዳነ ያንቺም የመዳን ዕድል ይጨምራል። ይህንን ሁሉ ሠርቶም ቤቱ የነደደበት ሰው አውቃለሁ፤ ግራና ቀኙ ሲነድ ምን ያድርግ።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ። ደብዳቤው የደረሰሽ ውሉ ከማለቁ ቢያንስ 75 ቀን በፊት መሆን አለበት፤ ቀኑን ቁጠሪው። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ባለው የካሊፎርኒያ ደንብ የቤትሽን የእሳት አደጋ ነጥብ ጠይቀሽ የማወቅ መብት አለሽ፤ ስህተት ካለው ይግባኝ ማለትም ትችያለሽ። ቬንቱን፣ አጥሩን፣ 5 ጫማውን የሠራ ሰው ቅናሽ እንዲያገኝም ያዛል። ስለዚህ ከመሥራታችሁ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ አትጣሉ። የመጨረሻው አማራጭ ፌር ፕላን፣ ማለት ሌላ ኢንሹራንስ ያጣ ሰው የሚገባበት የካሊፎርኒያ ኢንሹራንስ ነው፤ የሚሸፍነው ጥቂት ስለሆነ ከሱ ጋር ተጨማሪ ውል ያስፈልግሻል። ሌላ ሳታገኚ ግን አንድም ቀን ያለ ኢንሹራንስ እንዳትቆዪ፤ ለቤቱ ያበደራችሁ ባንክ ራሱ የገዛውን ይጭንብሻል፣ ዋጋውም ውድ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይህ ስለ ቤቱ አይደለም። አልታዲና ላይ ከሞቱት አብዛኞቹ ከሌክ አቬኑ በስተምዕራብ ያሉ ናቸው። እሳቱ የተነሳው ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው፤ ለነሱ የውጡ ትዕዛዝ የደረሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ አዛውንት ነበሩ። ባለፈው እንዳደረጋችሁት ትዕዛዝ አትጠብቁ። ስትወጡ መስኮቱንና በሩን ዝጉ፣ የበሩን ምንጣፍና የበረንዳውን ትራስ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ የጋዝ ሲሊንደር ካላችሁ ከቤቱ አርቁት። ጋራዣችሁ አሮጌ ከሆነ መብራት ሲጠፋ በሩ በሞተር አይከፈትም፤ ከጁላይ 2019 ወዲህ የሚሸጡት ባትሪ አላቸው፣ የድሮዎቹ ግን የላቸውም። ከላይ የተንጠለጠለችውን ቀይ ገመድ ስቦ በሩን በእጅ ማንሳት ይቻላል። አማትሽም መክፈት ይችሉ እንደሆነ ዛሬ ማታ አብራችሁ ሞክሩት፤ ከከበዳቸው ስፕሪንጉ ደክሟል ማለት ነውና አስጠግኑት።

የላ ክሬሴንታ እናት፦

አማቴን አነጋገርኳቸው። «ለቤቱ ከሆነማ ምን ችግር አለው» ብለው ቦታውን ራሳቸው መረጡ፤ ከኦኩ ወዲያ፣ ፀሐይ የሚያገኝበት። ባለቤቴ ወንፊቱን ገዝቶ መጥቷል። ሽማግሌው ጋ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንሄዳለን። የጋራዡን ገመድ ሞከርነው፤ እሳቸው ሊያነሱት አልቻሉም። የሚሠራ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።